ደመወዝ ጨመርኩ፣ ሠራተኞቼ ግን አልረኩም፦ ለአንድ የደሴ ነጋዴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ የልብስና የጫማ ሱቅ አለኝ። ኮምቦልቻም አንድ ከፍቻለሁ። በሁለቱም ስምንት ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንሠራለን፤ እሑድ ግማሽ ቀን ነው። ማታ ማታ ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) እየተማርኩ ስለሆነ ከክፍል ያገኘሁትን ሱቄ ላይ ልሞክር ብዬ መስከረም ላይ ደመወዝ ጨመርኩ፣ በሽያጭ ኮሚሽን አስገባሁ፣ በየወሩም ጎበዟን መርጬ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። መጀመሪያ ተነቃቅተው ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ድሮው ተመለሰ። ሁለቱ ለቀቁ፣ የቀሩትም ደንበኛ ሲገባ ከስልካቸው ቀና አይሉም። በዚያ ላይ በየቆጠራው ዕቃ ይጎድላል። ማን እንደወሰደ ስለማይታወቅ ጉድለቱን ለሻጮቹ እኩል አካፍዬ ከደመወዛቸው እቆርጣለሁ። ካሸሩ የእህቴ ልጅ ስለሆነ እሱን አልነካውም። እነ ማዝሎና ኸርዝበርግ የጻፉት ለወሎ ሱቅ አይሠራም ማለት ነው? ወይስ ለሱቅ ሠራተኛ የሚሆን ሌላ ቲዎሪ ይንገሩኝ? የመመረቂያ ጥናቴንም በዚሁ ላይ ልሠራ ነው።»

ቲዎሪ አልቸገረህም ወንድሜ። የቸገረህ መሃል ላይ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰኸው ያለፍከው የቆጠራ ቅጣት ነው። መስከረም ላይ በደመወዝ የሰጠኸውን በየቆጠራው መልሰህ ትወስደዋለህ፤ ያውም ምንም ካላጠፋች ልጅ ላይ፣ ያውም ገንዘብ የሚይዘው ዘመድህ ሳይነካ። ይህ ባለበት ላይ ኮሚሽንም ፎቶም ብትደራርብበት ለውጥ አይመጣም። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ከክፍል ይዘሃቸው የወጣሃቸው ሁለት ሦስት ነገሮች መጀመሪያ መቃናት አለባቸው። የምሁራኑን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛ ነው የምጠቅሰው።

ተነሳሽነትንና የሥራ እርካታን አንድ አድርገሃቸዋል። ተነሳሽነት ሰው ለሥራው የሚያወጣው ጉልበትና ትጋት ነው። እርካታ ደግሞ ስለ ሥራው ያለው ስሜት። የአረፋ ሰሞን ኮሚሽኗን ለመያዝ እግሯ እስኪያብጥ ስትሯሯጥ የሰነበተች ልጅ በዓሉ ሲያልፍ «በቃኝ» ብላ ልትሄድ ትችላለች። ሱቁን፣ ጓደኞቿን፣ ሰፈሩን የምትወድ ሌላዋ ደግሞ ዓመት ሙሉ አንድ ደንበኛ በወጉ ሳታስተናግድ ልትከርም ትችላለች። ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ግን የምታስበውን ያህል አይደለም። የሥራ እርካታ ተመራማሪው ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ በ2001 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ በእርካታና በሥራ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና 0.30 አካባቢ ሆኖ ወጣ። ዜሮ ምንም አይገናኙም፣ አንድ ፍጹም አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ የደመወዝ መጠንንና የሥራ እርካታን ሲያስተያዩ 0.15 ገደማ አገኙ። የመስከረሙ ጭማሪ ለምን ቶሎ እንደተነነብህ ከዚህ ፍንጭ ታገኛለህ። ደመወዝ ዋጋ የለውም እያልኩህ ግን አይደለም። የቤት ኪራይ ያቃታት ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም።

ማዝሎ የሰውን ፍላጎት በደረጃ የዘረዘረ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፤ ደረጃዎቹን የሚያሳየው ያ ታዋቂ ፒራሚድ ግን የእሱ ሥዕል አይደለም። በኋላ የመጡ የማኔጅመንት ሰዎች ናቸው የሳሉለት። ሰው አንዱን ደረጃ ሞልቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይወጣም የሚል ነገርም አልተናገረም። በ1943 ባወጣው ጽሑፍ ለማሳያ ያህል አንድ ተራ ሰው የሰውነት ፍላጎቱን 85 በመቶ፣ ደኅንነቱን 70፣ ፍቅርና ወዳጅነቱን 50፣ ክብሩን 40፣ ያለውን ችሎታ ሁሉ አውጥቶ መጠቀምን 10 በመቶ ያህል አሟልቶ ይሆናል ብሏል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በከፊል ሞልቶ በከፊል ይጎድላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ኑሮዋ ይስተካከል፣ ክብሩ በኋላ ይደርሳል» የሚለው አካሄድ ማዝሎን ይዞ የሚሟገት ሰው ሊለው የሚችለው ነገር አይደለም። ደመወዟ ትንሽ የሆነች ልጅም ክብሯን ትፈልጋለች፤ ዛሬውኑ።

ከማዝሎ ዝርዝር ውስጥ እኛ አካባቢ ከብዶ የሚገኘው ደኅንነት ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ሱቅ እንደተዘረፈ፣ ስንት ሠራተኛ ባንድ ሌሊት ሥራ አጥ እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ያን ያየች ልጅ በቃል ብቻ ተቀጥራ ስትሠራ ልቧ አያርፍም። የጽሑፍ ውል ስጣት። ጡረታ አስመዝግባት፤ በግል ድርጅት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ሥርዓት አለ። «ይሄ ሱቅ ነገም አለ፣ እኔም አለሁበት» የሚል ስሜት ከዚህ ይጀምራል።

ሰውን በሥራው የሚያረካውንና የሚያስከፋውን ያጠናውን ኸርዝበርግን በጥንቃቄ ያዘው። እሱና ሁለት ባልደረቦቹ በ1959 ያሳተሙት ጥናት ፒትስበርግ አካባቢ ባሉ ወደ 200 በሚሆኑ መሐንዲሶችና የሂሳብ ባለሙያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ከመካከላቸው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጫማ የሚያስለካ ሰው የለም። የተናገረው ነገር ግን ይጠቅምሃል። ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይ፣ የድርጅቱ ደንብ፣ የሥራ ቦታው ምቾት ሲበላሹ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሲስተካከሉ ቅሬታው ይጠፋል እንጂ እርካታ በዚያ ብቻ አይፈጠርም ነው ያለው። እርካታ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፦ ሥራው ሲሳካ፣ ሰው ሲያይልህ፣ ኃላፊነት ሲሰጥህ፣ ስታድግ። ጥርሱን ያመመው ሰው ጥርሱ ሲነቀል ሕመሙ ይተወዋል፤ የቀረበለት ምግብ ግን በዚያ ብቻ አይጣፍጠውም። አንተ ደግሞ ጥርሱ ሳይነቀል ምግብ አቀረብክ። ፎቶው እውቅና ነው፣ ጥሩ፤ ግን ቆጠራው እንዳለ ነው፣ ሰዓቱም እንዳለ ነው።

ኸርዝበርግ ላይ የሚነሳ አንድ ተገቢ ትችት አለ፤ ከተቺዎቹ አንዱ ቪክተር ቭሩም ነው። ሰው ሲሳካለት «እኔ ነኝ»፣ ሲበላሽበት «አለቃዬ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ እንዲህ ባለ አጠያየቅ የሚመጣውን መልስ እንዳለ ማመን አይቻልም የሚል ነው። እውነት ነው። አጠያየቁን ግን ልትዋሰው ትችላለህ። «ረክተሻል ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። «እዚህ ሱቅ ከሠራሽበት ጊዜ ውስጥ ደስ ብሎሽ የገባሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ፤ ተናደሽ የገባሽበትንም አንድ ቀን ንገሪኝ» በል። ለብቻ፣ ቁጭ ብለህ፣ ሳትከራከር። ምናልባት አንተ ፊት አይናገሩ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ የሚያምኗት አንዲት ታላቅ ሴት ትጠይቅልህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጆን ስቴሲ አዳምስ በ1963 የጻፈው የፍትሐዊነት ንድፈ ሐሳብ አለ። ለአንተ ሱቅ አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ እሱን እሰጥሃለሁ። ሰው የሚያገኘውን ብር ለብቻው አይቆጥርም። የሰጠውንና ያገኘውን አስልቶ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ያስተያየዋል። ሲያንስበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ ወይ ትጋቱን ይቀንሳል፣ ወይ ያነሰበትን በሌላ በኩል ያካክሳል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል። አሁን የጻፍክልኝን መልሰህ አንብብ። ከስልክ ቀና አይሉም። ዕቃ ይጎድላል። ሁለቱ ለቀቁ። አዳምስ የዘረዘረው አንድ በአንድ ሱቅህ ውስጥ አለ።

ከልጆቹ ወገን ሆነህ እየው። የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ ልጅ አለች እንበል። የጫማው መደርደሪያ ጋ ደርሳ አታውቅም። ቆጠራ ይደረግና አራት ጥንድ ጫማ ጎደለ ይባላል። ድርሻዋ ይሰላና ከደመወዟ ይቆረጣል። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ብሩን ቆጥራ «ለምን ጎደለ?» ትላታለች። ምን ትመልስ? «ሱቅ ውስጥ ዕቃ ጠፍቶ ነው» ካለች እናትየዋ ልጄ ተጠርጥራለች ብላ ታስባለች፤ ዝም ካለች ደግሞ ብሩን የት አደረግሽው ይመጣል። የእህትህ ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ሙሉ ደመወዙን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ይህቺ ልጅ ደንበኛ ሲገባ ብድግ እንድትል የሚያደርግ ቲዎሪ እኔ አላውቅም።

ቅጣቱ ስርቆትን የሚከለክል ይመስልሃል፤ ሊያባብሰው ይችላል። ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 ያወጣው ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ በሁለት ፋብሪካዎቹ ላይ ለ10 ሳምንታት ደመወዝ በ15 በመቶ ቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ ምክንያቱ በዝርዝርና በአክብሮት ተብራራ። በሌላው በአጭሩ ተነግሮ ታለፈ። በጥቂት ቃል በታለፈው ፋብሪካ ስርቆቱ በጣም ጨመረ፤ በደንብ በተብራራው ግን ጭማሪው ያን ያህል አልነበረም። ደመወዙ ሲመለስ ስርቆቱም ወረደ። ፋብሪካና ሱቅ አንድ አይደሉም፤ ቁጥሩን ወደ ደሴ አምጥተህ አትለጥፈውም። የሰው ስሜት ግን ይገባሃል፦ «ከተቆረጠብኝ አይቀር!»

ሕጉም ከጎንህ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ቢፈቀድ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚለው መልስ ክስ ሲመጣ አያድንህም።

እሺ፣ ጉድለቱስ? መጀመሪያ ጉድለት ሁሉ ስርቆት እንዳልሆነ ተቀበል። ከመርካቶ የመጣው ካርቶን ሲራገፍ በወጉ ተቆጥሯል? ልክ አልሆነኝም ተብሎ የተቀየረ ጫማ ተጽፏል? ለታወቀ ደንበኛ በዱቤ የወጣውስ? እዚህ ላይ በግልጽ ልናገርህ፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ ለእንግዳ፣ ለዘመድ፣ ለሠርግ ስጦታ አንድ ሁለት ዕቃ አንስቶ ሳይጽፍ ይሄዳል። በቆጠራ ጊዜ ያ ዕቃ የሻጮቹ ዕዳ ይሆናል። አንተ ይህን አታደርግ ይሆናል፤ ግን መዝገቡ ላይ የራስህንም ስም ጻፍ። ከዚያ ሱቁን በክፍል ከፋፍል፦ ጫማ ለእገሊት፣ ጃኬት ለእገሊት። ውድ ውድ ዕቃው ጠዋት ሲከፈትና ማታ ሲዘጋ በሁለት ሰው ፊርማ ይቆጠር። ሠላሳ ጥንድ ጫማ ለመቁጠር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የስቶሩ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ይሁን። ጉድለት ሲመጣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቀን፣ በማን ፈረቃ እንደሆነ ይታወቃል፤ ያልነካችው ልጅም ነፃ ትወጣለች።

የእህትህን ልጅ አባርረው አላልኩህም። ዘመድ ዘመዱን ሥራ ቢያስገባ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ሠራተኞቹም ይህን ያውቃሉ። የሚያስከፋቸው ሕጉ እሱ ጋ ሲደርስ መቆሙ ነው። ካሸሩ ጋ ያለው ገንዘብ ጠዋትና ማታ ይቆጠር፣ በቴሌብር የገባውም ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር፣ እሱም ይፈርም። በሁሉም ፊት አድርገው። እሱን ራሱን ከሐሜት ታድነዋለህ።

ኮሚሽኑን በቭሩም እንየው። ቭሩም በ1964 ያለው ሰው ከመትጋቱ በፊት በውስጡ ሦስት ነገር ይጠይቃል ነው። ብተጋ ይሳካልኛል? ከተሳካ የተባለው ይሰጠኛል? የሚሰጠኝን ነገርስ እፈልገዋለሁ? ከሦስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ ተነሳሽነቱ ይሞታል። የሴት ጫማ 38 ቁጥር ስቶር ውስጥ ከሌለ ልጅቷ ብትተጋም አይሸጥም። ክረምት ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ታርጌቱ ያው የአረፋና የገና ሰሞኑ ከሆነ አይደረስበትም። ኮሚሽኑ ተሰጥቶ በቆጠራ ከተቆረጠ ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አይ» ሆነ። ሦስተኛውን ደግሞ ጠይቀህ አታውቅም። አንዷ ከብር ይልቅ የፈተና ሳምንት ፈቃድ ትፈልግ ይሆናል፤ ሌላዋ ደመወዟ የዕቁቧ ቀን ከማለፉ በፊት እንዲገባላት ብቻ።

ኮሚሽን ለየግል ሲሆን የሚያመጣው ሌላም ችግር አለ። «እኔ ጋ ነው የገባችው፣ የኔ ደንበኛ ናት» የሚል ሽኩቻ ይነሳል። የተዘረገፈውን ልብስ መልሶ ማጠፍ፣ መደርደሪያ መወልወል፣ ልኩን ለማግኘት ስቶር መውረድ ኮሚሽን ስለሌለው ማንም አይነካውም። የኔ ምክር የግሉን ትተህ በቅርንጫፍ እንድታደርገው ነው። ፒያሳ ለብቻው፣ ኮምቦልቻ ለብቻው፤ የወሩ ታርጌት በገበያው ወቅት ይለዋወጥ፤ ሲደረስ ለሁሉም እኩል ይከፈል፣ ምንም ሳይቆረጥበት። ታርጌቱን ከእነሱ ጋር ተቀምጠህ አውጣው። ኤድዊን ሎክ ከ1968 ጀምሮ ሲያሳይ የኖረው ይህን ነው፤ «በርቱ» ከማለት ቁርጥ ያለ፣ ከበድ ያለ ግን የሚደረስበት ግብ ሰጥቶ በየሳምንቱ የት እንደደረሱ መንገር ይሻላል። ስምንት ሰው ብቻ ስለሆናችሁ አንዷ ብትለግም ወዲያው ይታወቃል፤ ቡድኑ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በድፍረት አልመክርህም ነበር።

የፎቶው ነገር አጭር ነው። አንዷ ስትመረጥ ሌሎቹ በየወሩ ይሸነፋሉ፣ መመዘኛውም አንተ ጋ እንጂ ወረቀት ላይ የለም። ቀስ ብለህ ተወው። በምትኩ ያየኸውን ነገር በዚያው ቀን፣ ለይተህ ተናገር፦ «ያቺን እናት አምስት ጫማ እያወጣሽ ሳትሰለቺ ያስተናገድሽበት መንገድ ደስ ብሎኛል።» ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ተማሪዎችን ደስ የሚል እንቆቅልሽ ሰጥቶ ለከፊሎቹ ገንዘብ ከፈላቸው። ክፍያው ሲቆም የተከፈላቸው ልጆች ለእንቆቅልሹ የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ ሽልማት መርዝ ነው ይላል፤ ያ ግን ማጋነን ነው። ውስጣዊ ደስታ ያለበት ሥራ ላይ ነው ገንዘቡ የሚያደበዝዘው፤ ካልሲ ማጠፍ ላይ የሚደበዝዝ ደስታ መጀመሪያም አልነበረም።

ከሰው ጋር መግባባት ላይ ግን ደስታ አለ። የኛ ልጆች ደግሞ በጨዋታና በሰው አያያዝ አይታሙም። ያንን አንቀህ የያዝከው አንተ ነህ። እንዴት? አንዲት ደንበኛ ጫማ አንስታ «መጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች። ልጅቷ 1,800 ትላለች። ደንበኛዋ 1,700 ይሁንልኝ ትላለች። ልጅቷ መወሰን ስለማትችል ስልክ ትደውላለች። አንተ ሰኞ ገበያ ስቶር ውስጥ ነህ፣ ስልኩ አይሰማም። ደንበኛዋ ጫማውን አስቀምጣ ትወጣለች። ልጅቷ እዚያው ቆማ ትቀራለች፤ የሸጠችውን ሽያጭ ከእጇ ያወጣባት ደንቡ ነው። ይህ በቀን ስንቴ ይደጋገማል?

ሃክማንና ኦልድሃም በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጡት የሥራ ባሕርያት ሞዴል የሚለው በቀጥታ ይህን ይመለከታል። ሥራ ሰውን የሚያረካው አምስት ነገር ሲኖረው ነው፦ የተለያየ ችሎታ መጠቀም፣ ከጅምር እስከ ፍጻሜ የራስ የሆነ ሥራ፣ ለሰው የሚተርፍ ትርጉም፣ በራስ መወሰን፣ ውጤቱን ማወቅ። ለየዕቃው የወለል ዋጋ አውጣ። 1,800 የተባለው ጫማ እስከ 1,650 ልትወርድበት ትችላለች፤ ከዚያ በታች ብቻ ትደውል። ለየክፍሏም ደብተር ስጣትና ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ቁጥርና ቀለም ትጻፍ። መርካቶ ስትወርድ ያንን ደብተር ይዘህ ውረድ። የጻፈችው ዕቃ መጥቶ ሲሸጥ ስታይ ሥራው የእሷ ይሆናል። ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቅህ እምነት ነው፣ እሱም የጠዋትና የማታው ቆጠራ ሲኖር ይቀልሃል። ለዚህ ነው ቆጠራው ይቅደም የምለው።

ሰዓቱን ሳላነሳ አላልፍም። ከ2 እስከ ምሽት 1 ሰዓት፣ የምሳ አንድ ሰዓት ቢቀነስ 10 ሰዓት ነው፤ በስድስት ቀን 60። አዋጁ የሚለው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ እሱም ለተለየ ምክንያት እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ አይደለም፤ በቀን ክፍል ሲሆን ቢያንስ በአንድ ተኩል ይከፈላል። የእሑዱ ግማሽ ቀን ሲጨመር ጣሪያውን አልፈሃል፤ በሳምንት የሚገባቸውን ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም ልትነካው ትችላለህ። ጠዋትና ከሰዓት ፈረቃ አድርገው፤ ገበያው በሚደራበት ሰዓት ብቻ ሁለቱ ፈረቃ ይደራረብ። የዓርብ ጁምዓን፣ የረመዳን ማፍጠሪያን፣ የእሑድ ቅዳሴን፣ መስከረም 21 ግሸን የምትወጣዋን ልጅ በፈረቃው ውስጥ አስገባ። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ነው። አረፋ ላይ ክርስቲያኗ፣ ፋሲካ ላይ ሙስሊሟ ትሸፍናለች፤ አንተ ካልከለከልካቸው ራሳቸው ተስማምተው ይጨርሱታል። ወንበርም አስገባ እባክህ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መቀመጥ ስንፍና አይደለም፤ እግሯ ያበጠ ሻጭ በምሽት 12 ሰዓት ለሚገባ ደንበኛ ፈገግ አትልም።

ገደቡን ደግሞ እወቀው። ይህን ሁሉ አድርገህም የሚሄዱ አሉ። ከእኛ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታ ቀን የምትጠብቅ ልጅ ሱቅህን ብትወደውም ትሄዳለች፤ የቤተሰብ ኃላፊነት ይዛ ነው የምትሄደው። አብሽር፣ ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም። ቀድማ እንድትነግርህና ተተኪዋን አሠልጥና እንድትሄድ የሚያደርግ መቀራረብ ካለ ይበቃል። ደመወዝህ ከአካባቢህ ሱቆች በታች ከሆነም የትኛውም ቲዎሪ አይሸፍነውም፤ አጣራ። እንዲህ ያሉ ለውጦች ውጤት ለማሳየት ወራት ይፈልጋሉ፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ አትቁረጥ።

ስለ ጥናትህ አንድ ማስጠንቀቂያ። የራስህን ስምንት ሠራተኞች መጠይቅ አስሞልተህ ውጤት አገኘሁ እንዳትል። ደመወዝ ከፋዩ ራሱ ሲጠይቅ ሁሉም «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ነው ምልክት የሚያደርገው። ስምንት ሰው ደግሞ ለስታቲስቲክስ አይሆንም። በከተማው ያሉ የሌሎች ሱቆችን ሠራተኞች ውሰድ፤ በ1967 የወጣው የሚኒሶታ የእርካታ መጠይቅ 20 ጥያቄ ያለው አጭር ቅጽ አለው፤ በአማርኛ አዘጋጅተህ መጀመሪያ በጥቂት ሰው ሞክረው። የራስህን ሱቅ እንደ ባለቤት አስተካክለው እንጂ እንደ ተመራማሪ አትቅረበው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ነገ ሁሉንም ሰብስበህ የጋራ ቅጣቱ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል በል፤ ባለፉት ወራት ከቆረጥከው የምትችለውን መልስላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሉን አመዳደብና የጠዋትና የማታ ቆጠራውን ጀምር፣ ካሸሩንም ጨምረህ። ፈረቃውንና የጽሑፍ ውሉን በዚያው ወር ጨርስ። እነዚህ ሲረጉ የወለል ዋጋውንና ደብተሩን ስጥ። ኮሚሽኑን የምትነካው መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጅ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቅም፣ እነሱም «ደግሞ ምን አመጣ?» ይሉሃል። በኮምቦልቻው ሱቅ ጀምረህ ሦስት ወር እየው፤ ፒያሳን ለጊዜው ከቅጣቱና ከሰዓቱ በቀር አትንካው። በየወሩ ሦስት ነገር ብቻ መዝግብ፦ የጎደለ ዕቃ፣ የለቀቀ ሰው፣ ደንበኛ ጠይቆ ያጣው ዕቃ። በሦስተኛው ወር ቆጠራ ጉድለቱ ካልቀነሰ መዝገቡን ይዘህ ጻፍልኝ፤ ያኔ ከሠራተኞቹ ላይ ዓይናችንን አንስተን የዕቃ አገባቡንና የስቶሩን ቁልፍ እንመረምራለን።